የዓሣ ሚዜዎች

ዓሣ በቤተ ሙከራ ሚዛን ላይ ሲወጣ ካርቦሃይድሬት ከሌላቸው ምግቦች ተርታ የሚሰለፍ፣ በአዲስ አበባ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ግን ከካርቦሃይድሬት ተነጥሎ የማይታይ ፍጡር ነው። ካርቦሃይድሬት የሚባለው ስኳርን፣ ስታርችንና አሰርን የሚያጠቃልል የምግብ ክፍል ሲሆን፣ ስኳሩና ስታርቹ በአብዛኛው ግሉኮስ ሆነው ወደ ደም ሲገቡ አሰሩ ትንሹን አንጀት ሳይፈጭ ያልፋል። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 70 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይገኛል፤ በ100 ግራም የቆሮሶ ሥጋ ውስጥ ግን 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ 2 ግራም ያህሉ ስብ፣ የቀረው ከሞላ ጎደል ውኃ ነው። ይህን ንጽጽር ያነበበ፣ የደም ስኳሩ ከፍ ብሎ የተገኘ ወይም ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ የጠየቀ የከተማ ነዋሪ፣ መድኃኒቱ ዓሣ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ድምዳሜው የሚፈርሰው ዓሣው የቤቱን ደጃፍ ሲያልፍ ነው፤ ዓሣ እንደ ሙሽራ ብቻውን አይገባምና፣ ሚዜዎች ተከትለውት ይገባሉ፤ ካርቦሃይድሬቱን ተሸክመው የሚመጡትም እነዚሁ ሚዜዎች ናቸው። የሚበላውን ሁሉ በግራም እየመዘነ ከእነርሱ ጋር የሚታገለው ሰው በዚህ ጽሑፍ፣ ለአጠራር ምቾት ሲባል፣ ግራም ቆጣሪ ተብሎ ይጠራል።

ካርቦሃይድሬት የተቀነሰበት አመጋገብ ሲባል አንድ ወጥ ደንብ ያለው አይደለም። ላላ ያለው ዓይነት በቀን እስከ 130 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲፈቅድ፣ ኪቶ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ጥብቁ ዓይነት ከ50 ግራም በታች ይወርዳል፣ አንዳንዴም 20 ግራም ላይ ይቆማል፤ ዓላማውም ጉበት ከስብ ኪቶን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን እንዲያመርትና ሰውነት በግሉኮስ ፋንታ በእነርሱ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው። በዚህ ስሌት አንድ ሙሉ እንጀራ የጥብቁን የቀን ድርሻ ብቻውን ይጨርሰዋል፤ ወጡ ገና ከምድጃ አልወረደም። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ሁለት ሦስት ኪሎ ሲቀንስ በየቤቱ የሚታወጀው ድልም ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። ሰውነት ግሉኮስን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ሲያከማች፣ በእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ አብሮ ይይዛል፤ ክምችቱ ሲሟጠጥ ውኃውም መንገዱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት «ቀነስክ እኮ!» የሚል ጎረቤት በአብዛኛው የሚያመሰግነው ኩላሊትን ነው። ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨውንም አብዝቶ ስለሚያስወጣ በማግስቱ ራስ ምታትና መዛል ይመጣል፤ ያን ጊዜ በጭንቅላትና በአጥንት የተቀቀለ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ የገባበት፣ ጨው ያለው የዓሣ ሾርባ ከብዙ ምክር ይሻላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚያወርድ እንክብል የሚውጥ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ይህን ቢጀምር የደም ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል፣ ለእርሱ ቀድሞ መነበብ ያለበት ይህ ወግ ሳይሆን የሐኪሙ ማዘዣ ነው።

ይህን አመጋገብ በሕዝብ ዘንድ ያስተዋወቀው ሰው ሐኪም ሳይሆን የቀብር አሰናጅ መሆኑ፣ ለጉዳዩ ተገቢውን ክብደት ይሰጠዋል። ዊልያም ባንቲንግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የዌሊንግተንን መስፍን ጨምሮ የታላላቅ ሰዎችን ቀብር ከሚያሰናዳ ድርጅት ባለቤቶች ወገን ነበር። ቁመቱ 165 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 92 ኪሎ ግራም ያህል በመሆኑ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ተስኖት፣ ደረጃም የሚወርደው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነበር። በ1862 ጆሮው አልሰማ ብሎት ወደ ጆሮ ሐኪሙ ወደ ዊልያም ሐርቪ ቢሄድ፣ ሐኪሙ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ከለከለው። ባንቲንግ በዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ወደ 21 ኪሎ ግራም ቀንሶ በ1863 ምስክርነቱን በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም አገር ምድሩን ግራም ባይሆን እንኳ ቁራሽ ቆጣሪ አደረገው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚሆነው የምሳው ዝርዝር ነው፤ ባንቲንግ በየቀኑ ማንኛውም ዓሣ ሲፈቀድለት ሳልመን ብቻ ተከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም ሳልመን ስብ ይበዛዋል። የዛሬው ኪቶ ደግሞ ሳልመንን የሚያወድሰው በዚያው በስቡ ነው። ከወንጀል ወደ ጽድቅ ለመሸጋገር ሳልመን ምንም ያደረገው ነገር የለም፤ ባለበት ሆኖ ዘመኑ ዞረለት። ኪቶ ራሱም በ1921 በአሜሪካው ሜዮ ክሊኒክ ራስል ዋይልደር በተባለ ሐኪም ሲታሰብ ለሚጥል በሽታ ሕክምና እንጂ ለቦርጭ አልነበረም።

ኢትዮጵያ ሳልመን የሚዋኝበት ባሕር የላትም። ዓሣዋ የሐይቅና የወንዝ ነው፤ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጣና፣ ከአባያና ከጫሞ ወደ ገበያ ይወጣል። ቆሮሶ ከሁሉ ይበልጥ የተለመደው ሰሃን የሚያክል ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ በተለይ ከአባያና ከጫሞ የሚመጣው ነጭ ዓሣ ግዙፍና አጥንተ ጥቂት በመሆኑ ፊሌቶ፣ ማለትም ከአጥንት የተለየ ሙዳ፣ ሆኖ ይሸጣል፤ ቢልጫ ሥጋው ጣፋጭ፣ እሾሁ ግን የማያልቅ ነው፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ ይነሣል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ሪዛም ዓሣ ሲሆን፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጡር አትብሉ የሚለውን የኦሪት ሕግ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ይሸሸዋል። እዚህ ላይ ግራም ቆጣሪው የመጀመሪያውን ፈተና ያገኛል፤ አምባዛ ከቆሮሶ ይልቅ ስብ ስላለው ለኪቶ የሚስማማው እርሱ ነበርና፣ ሳይንስ የመረጠውን ኦሪት ይመልስበታል።

የአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት ዓሣ በአማካይ ከ1 ኪሎ ግራም በታች ሲሆን፣ የዓለም አማካይ ግን ወደ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከዚህ ቁጥር የሚወጣው ቁም ነገር የምጣኔ ሀብት ብቻ አይደለም። የሐይቅ ዳር ሰው ዓሣን እንደ ልቡ ያውቀዋል፤ የደገኛው ወጥ ቤት ግን ዓሣን ያወቀው አርጅቶ ስለሆነ የዶሮ ሕግ ይፈርድበታል፤ ለብዙ ሰዓት በረጋ እሳት እንዲበስል የተፈጠረ ሥጋ ይመስል ቀይ ሽንኩርት ተከምሮ፣ በርበሬ ተቁላልቶ፣ ከዚያም ዓሣው ገብቶ ይማሰላል። ዓሣ ይህን አይችልም። የእንስሳን ጡንቻ አንድ ላይ የሚያስተሳስረው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በዓሣ ሥጋ ውስጥ ከበሬ ሥጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ ያለውም በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚሟሟ፣ መካከሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ዓሣው በስሏል። ከዚያ ወዲያ በማማሰያ የተነካ ዓሣ ወጥ ውስጥ የገባ ሳይሆን ወጥ የሆነ ዓሣ ነው፤ ተመጋቢውም መብላቱን የሚያውቀው እሾሁ ሲወጋው ነው። ስለዚህ ቁሌቱ አስቀድሞ በደንብ በስሎ፣ ዓሣው መጨረሻ ላይ ተጋድሞበት፣ ድስቱ ተከድኖ፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቆይቶ፣ ማንም ሳያማስለው መውረድ አለበት። በብዙ ቤት ከባዱ ነገር ይህ የመጨረሻው ነው፤ ማማሰያ የያዘች እጅ ድስት እያየች ዝም ማለት አይሆንላትም።

ቁሌቱ በራሱ ደግሞ ከሚዜዎቹ ሁሉ ተንኮለኛው ነው። ግራም ቆጣሪ እንጀራን ያውቀዋል፣ ድንችንም ከሩቁ ያየዋል፤ ቀይ ሽንኩርትን ግን አትክልት ነው ብሎ ያምነዋል። በ100 ግራም ቀይ ሽንኩርት ውስጥ 9 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ፤ ግማሽ ያህሉም ስኳር ነው። ለሰላጣ ሁለት ቅንጣቢ ጣል ለሚያደርግ ሕዝብ ይህ አያስጨንቅም፤ ሽንኩርትን በኪሎ ለሚከትፍ ሕዝብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት 90 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይዞ ድስት ይገባል፤ ያለ ዘይት ሲታሽ ውኃው ይተንናል፣ መጠኑ ይሟሽሻል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ስኳሩ ግን የትም አይሄድም፤ ጭራሽ ተጠራቅሞ ለወጡ ያንን የተወደደ ጣፋጭነት ይሰጠዋል። ስድስት ሰው ቢካፈለው ለእያንዳንዱ 15 ግራም ይደርሰዋል፤ የ20 ግራም ደንብ ያወጣ ሰው ከቀኑ ድርሻ ሦስት አራተኛውን ከዓሣው በፊት፣ ከእንጀራውም በፊት፣ «አትክልት» ነው ብሎ በልቶታል ማለት ነው። ሽንኩርት ይቀነስ የሚል ሐሳብ በቤት ውስጥ ሲነሣ የሚገጥመው ተቃውሞ ደግሞ የሥነ ምግብ ሳይሆን የክብር ጉዳይ ነው፤ ሽንኩርት ያነሰው ወጥ ቀጠነ ይባላል፣ ቀጠነ የተባለ ወጥም ስሙ ከድስቱ አልፎ ባለሙያዋን ይነካል። ስምምነቱ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ በጥቂት ቲማቲም፣ በበርበሬና በኮረሪማ ነው፤ እነዚህ በብዛት የማይገቡ ስለሆኑ ግራማቸውም ያን ያህል አያስፈራም፤ መረቁ ግን እውነትም ይቀጥናል፣ ሐሜቱን መቻል ነው።

ጥብሱ ከወጡ ይልቅ ቀና ነው። ሙሉ ቆሮሶ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ በዘይት ሲጠበስ ምንም ዱቄት አያስፈልገውም፤ ትልትሉ ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዲደርስ፣ ትናንሾቹ አጥንቶችም ከዘይቱ ጋር ተገናኝተው እንዲከስሙ ያግዛል። ችግሩ ያለው ፊሌቶው ላይ ነው። የከተማው ልማድ ፊሌቶን በዱቄት ማንከባለል፣ ወይም ከጣልያን በተወረሰው የኮተሌት አሠራር በእንቁላል ነክሮ በዳቦ ፍርፋሪ መሸፈን ነው፤ ስለዚህ ዳቦ ተከልክያለሁ ያለው ሰው ዳቦውን ለዓሣው አልብሶ ይበላዋል። የዱቄቱ ዋና ተግባር የዓሣውን ላብ መጥጦ ቶሎ ቅርፊት እንዲያበጅና ከመጥበሻው እንዳይጣበቅ ማድረግ ስለሆነ፣ ያንኑ ሥራ ንጹሕ ጨርቅም ይሠራዋል፤ ዓሣው በደንብ ተጠራርጎ ደርቆ፣ መጥበሻውና ዘይቱ በሚገባ ግለው፣ ዓሣው ከተጋደመ በኋላ ራሱ እስኪለቅ ድረስ ሳይነካካ ቢቆይ ይበቃል። ቶሎ የሚገለብጥ ሰው ግማሹን ለመጥበሻው ይከፍላል።

ከሽታው በፊት ግን ስለ ትኩስነቱ አንድ ነገር መባል አለበት። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ተረት ለመንግሥት አስተዳደር ሲጠቀስ የሚከራከረው የለም፤ ለዓሣው ግን ግማሽ እውነት ነው። ብልሽቱ የሚፈጥነው በሁለት ቦታ ነው፤ አንደኛው በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ካለው ክዳን ሥር የሚገኘው መተንፈሻው ሲሆን፣ እዚያ ተረቱ ተሳክቶለታል፤ ሁለተኛው ግን ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች የተከማቹበት ሆዱ ነው፤ ዓሣው ሲሞት እነርሱ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ባለቤታቸውን መፍጨት ይጀምራሉ። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አርባ ምንጭ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቁ፣ ሆድ ዕቃው በጊዜ የወጣለትና በረዶ ያልተለየው ዓሣ ብቻ ነው በክብር ከተማ የሚገባው። መተንፈሻው ቀይ፣ ዓይኑ ጎላ ያለና ጥርት ያለ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ ይገዛል። ፊሌቶ የሚገዛ ሰው ዓይንም መተንፈሻም ስለማያገኝ በአፍንጫውና በሻጩ ላይ ይተማመናል፤ ከሁለቱ አፍንጫው የተሻለ ምስክር ነው።

ሽታውን በተመለከተ የባሕርና የሐይቅ ዓሣ ይለያያሉ። የባሕር ዓሣ በሰውነቱ የጨዋማውን ውኃ ጫና የሚቋቋምበት ንጥረ ነገር ስላለው፣ ሲሞት ባክቴሪያዎች ይህን ትራይሜቲላሚን ወደተባለ የሚከረፋ ጋዝ ይለውጡታል። የሐይቅ ዓሣ ከዚህ ንጥረ ነገር የሚኖረው አነስ ያለ ሲሆን፣ እርሱን የሚያሳማው የጭቃ ሽታ ነው፤ ይህም ጂኦስሚን ከተባለ፣ በውኃና በደለል ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት ከሚያመነጩት ውሕድ የሚመጣ ሲሆን፣ ዝናብ ደረቅ መሬት ላይ ሲያርፍ የሚሸተው መዓዛም ከእርሱ ነው። ያው ሽታ ከመሬት ሲነሣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይምገዋል፣ ከድስት ሲነሣ ግን መስኮት ይከፍታል። ሎሚ ለሁለቱም ይበጃል፤ አሲዱ የባሕሩን ጋዝ አስሮ እንዳይተን ያደርገዋል፣ ጂኦስሚንንም ይሰባብረዋል፤ ስለዚህ ዓሣን በሎሚና በጨው የማሸት የቆየ ልማድ ኬሚስትሪውን ሳይጠብቅ ትክክል ነበር። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ግን ሎሚው የማይደርስበት ሌላ ሽታ አለ፤ የጋለ ዘይት ሽታ ደረጃውን ይዞ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ የተጠበሰ ዓሣ እስከ አራተኛው ፎቅ ድረስ ግብዣ ይሆናል፤ በጾም ወራት ከሆነም ክርክር።

ክርክሩ ጥንታዊ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን መካከል ሲነሣ ሲወድቅ የኖረ ሲሆን፣ ገበያው በበኩሉ ፍርዱን ሰጥቶ የዓሣ ፍላጎት በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይጨምራል። ለግራም ቆጣሪው ጉዳዩ ከሌላው ሰው ይልቅ ጠባብ ነው። ጾም ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን ይከለክላል፤ አመጋገቡ ደግሞ እንጀራን፣ ሽሮን፣ ምስርንና ድንችን ይከለክላል። ቤተ ክርስቲያን የፈቀደችውን ሐኪሙ፣ ሐኪሙ የፈቀደውን ቤተ ክርስቲያን ወስደውበት በመካከል የቀሩለት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዘይትና ተልባ ናቸው፤ ዓሣው የሚጨመረው የንስሐ አባቱ ዝም ካሉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዓቢይ ጾም ሲከሳ ምስጋናው ለየትኛው ወገን እንደሚሆን ለመወሰን ይቸግራል።

ጾም ባልሆነ ጊዜም ቆሮሶን ብቻ በልቶ መኖር አይቻልም፤ ለዚህ ምክንያቱ የስብ ማነስ ነው። የአርክቲክ አሳሹ ቪልያልሙር ስቴፋንሰን ከሰሜኑ ሕዝቦች ጋር ሲኖር በሥጋና በዓሣ ብቻ መኖር እንደሚቻል በራሱ አይቶ ነበር፤ ያመነው ሰው ስላልነበረ ግን በ1928 በኒው ዮርኩ ቤልቪው ሆስፒታል ከአንድ ባልደረባው ጋር ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ሥጋ ብቻ ሲበላ ሐኪሞች እንዲከታተሉት ፈቀደ። በጅምሩ ላይ ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ ሲሰጠው ሆዱ ተበላሽቶ ታመመ፤ ስብ ሲጨመርለት ዳነ። ካርቦሃይድሬት በቀነሰ ቁጥር ጉልበቱ ከስብ መምጣት አለበትና፣ 2 ግራም ስብ ብቻ ያለው ቆሮሶ ለዚህ ሥራ ብቻውን አይበቃም። መፍትሔው ከጫሞ አካባቢ ከሚዘወተረው የዓሣ ክትፎ ብዙም አይርቅም፤ ፊሌቶው ደቆ ተከትፎ፣ በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ ተለውሶ፣ ጥሬ የማይደፍር ሰው ደግሞ ለብ ሳይሆን ደኅና አድርጎ አብስሎት፣ ከጎኑ ጎመንና አይብ ሲቀመጥ፣ ከሚዜዎቹ አንዱም ያልተከተለበት ማዕድ ይሆናል። የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትላትል ሊኖሩበት ስለሚችሉ ማብሰሉ የፈሪ ምልክት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። አንድ የኢትዮጵያ ምግብ ያለ ምንም ማሻሻያ የለንደኑን ባንቲንግ ምሳ ያስንቃል ከተባለ ይኸው ነው፤ ቅቤው ብቻ ሐኪሙን ሐርቪን ያስቆጣ ነበር።

ማዕዱ ግን ባዶ ይመስላል፤ ምክንያቱም እንጀራው የለም። የውጭ አገር የአመጋገብ መጻሕፍት «ዳቦውን ተዉት» ሲሉ ከሳህኑ ጠርዝ አንድ ቁራሽ የሚነሣ ይመስላቸዋል፤ በዚህ አገር እንጀራ ሲነሣ ግን ሳህኑም፣ ማንኪያውም፣ ሹካውም፣ የእጅ መጥረጊያውም አብረው ይነሣሉ። ዓሣን ያለ እንጀራ በእጅ መብላት ይቻላል፤ ቅቤው በክርን በኩል እንደሚወርድ ግን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። በሹካ መብላትም ይቻላል፤ ከአንድ ትሪ በሚበላ ቤተሰብ መካከል ሹካ ይዞ መቅረብ ግን እንግዳ የመሆን ያህል ነው። ለምትክ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። አበባ ጎመን በ100 ግራም 5 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ብቻ ስላለው ተፈርፍሮ እንደ ሩዝ ይሠራል፤ መልኩ ሩዝ ይመስላል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ማንነቱን አይደብቅም። ሁለተኛው ተልባ ነው፤ በ100 ግራም ተልባ ውስጥ ካለው 29 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት 27 ያህሉ አሰር በመሆኑ፣ ተፈጭቶ በውኃና በጨው ተለውሶ መጥበሻ ላይ ሲሰፋ ቂጣ የሚመስል ነገር ይወጣዋል። ለዘመናት በጾም ሲጠጣና ሲፈተፈት የኖረ እህል ስለሆነ ሆዱ አያኮርፈውም፤ ዓሣም ይጠቀልላል። ዓይን ግን የለመደውን ያውቃል፤ ያለ ዓይን የተጋገረ እንጀራ ነው ቢባል የሚያምን አይገኝም።

ከሁሉ የሚከብደው ጉርሻ ነው። ግራም ቆጣሪው የራሱን ሳህን ለይቶ፣ ዓሣውን በአበባ ጎመን ከብቦ፣ በሰላም ሲበላ ሳለ፣ አክስት ከትሪው ላይ በእንጀራ የተጠቀለለ፣ ጭብጥ የሚያክል ዓሣ ይዘው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ስለ ኢንሱሊን የሚደረግ ማብራሪያ በዚህ ቅጽበት አይረዳም፤ የተዘረጋ ጉርሻን መመለስ ነውር ነውና አፍ ይከፈታል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል፤ በሁለት ጉርሻም የ20 ግራሙ ቀን አጋማሹን ይሻገራል። አንዳንድ ብልህ ቤተሰቦች ጉርሻውን በጎመን ቅጠል መጠቅለል ጀምረዋል ይባላል፤ አክስቶች ግን ቅጠሉን ገልጠው እንጀራ የሚጨምሩ መሆናቸው ለተሐድሶው እንቅፋት ሆኗል።

በመጨረሻ ወደ ቢልጫ እሾህ መመለስ ያስፈልጋል። የቢልጫ ሥጋ ውስጥ ከጎድን አጥንቱ ሌላ ጫፋቸው መንታ የሆነ ቀጫጭን አጥንቶች በየጡንቻው መካከል ተሰክተው ስለሚገኙ፣ ፊሌቶ ቢወጣለትም አብረው ይመጣሉ፤ በእንጀራ ሳይሆን በባዶው ዓሣን በፍጥነት የሚበላ ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይወጋል። እሾህ ጉሮሮ ላይ ሲሰካ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ሕክምና አንድ ነው፤ እንጀራ ጠቅልሎ ሳያኝኩ መዋጥ። ሙዝም ይሠራል ይባላል፣ ዳቦም፣ ያደረ ገንፎም፤ ካርቦሃይድሬት የሌለው መድኃኒት በዚህ ዘርፍ እስካሁን አልተመዘገበም። በየማዕዱ ዙሪያ ወራት ሙሉ ዝም ብሎ የቆየው ቤተሰብ በዚህ ጊዜ በአንድ ልብ ይነሣል፤ አንዱ ከመሶብ ኩርማን ይቀዳል፣ ሌላው ሙዝ ይልጣል፣ ልጆች ጀርባ ይመታሉ። ሐኪሞች ይህን አያበረታቱም፤ የተዋጠው ጉርሻ እሾሁን ይበልጥ ሊተክለው ወይም ጉሮሮን ሊቧጥጥ ስለሚችል፣ ጥቂት ውኃ ጠጥቶ የማይወርድ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ በመብራት አይቶ በመቆንጠጫ የሚያወጣ ባለሙያ መፈለግ ይሻላል ይላሉ። ባለሙያው እሾሁን አውጥቶ፣ ለማስረጃ በፋሻ ላይ አስቀምጦ፣ በደንቡ መሠረት «ከመምጣትዎ በፊት ምን ውጠዋል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጉሮሮው የቆሰለው ግራም ቆጣሪ መናገር ስለማይችል የምትመልስለት ባለቤቱ ናት፤ ሁለት ኩርማን እንጀራ፣ አንድ ሙዝና የትናንት ገንፎ።